በእጅ ስለምትሠራ ትንሽ የእሽቅድምድም አውቶሞቢል

ከሥራው ተመልሶ በቤቱ የሚያርፍ ሰው ዕረፍቱን በምን እንደሚያሳልፈው ቤተ ሰቡ ሁሉ ይመለከተዋል። ልጆችም ከአባታቸው አፍ ከሚሰሙት ምክር ይልቅ በእጁ ሲያደርገው የሚያዩትን ይማራሉ። ስለዚህ ለዓይን ደስታን፤ ለእጅ ብልኀትን፤ ለልብም ትዕግሥትን ስለሚሰጥ አንድ የቤት ውስጥ ሥራ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ዛሬ ልናስረዳ አስበናል። ይኸውም ቀድሞ ስመ ጥር የነበረችን የእሽቅድምድም አውቶሞቢል በትንሽ መጠን አስመስሎ ሠርቶ በኤሌክትሪክ ኀይል ማስሮጥ ነው።

ይህ ጨዋታ በብዙ አገር የታወቀው እንግሊዛዊው ፍሬድ ፍራንሲስ «ስካሌክስትሪክ» የተባለውን ሥራውን በ1957 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በሃሮጌት ከተማ በተደረገው የአሻንጉሊት ትርኢት ካሳየ ወዲህ ነው። አሠራሩም እንደዚህ ነው፤ በመንገዱ ላይ ጠባብ ቦይ አለ፤ በቦዩም ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ሁለት የብረት ሐዲዶች ተዘርግተዋል። ከአውቶሞቢሏ አፍንጫ በታች ያለው ምላስ በቦዩ ገብቶ ይመራታል፤ በምላሱ አጠገብ ያሉት ሁለት የመዳብ ሽሩባዎችም ሐዲዱን እየነኩ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት የሚሆነውን ኀይል ለሞተሩ ያቀብላሉ። ተጫዋቹ በእጁ በያዘው መቈጣጠሪያ ፍጥነቷን ያበዛል ወይም ያሳንሳል እንጂ መሪ የለውም። ስለዚህ በመታጠፊያው ላይ ልኩን ያላወቀ ሰው ከቦዩ ወጥታ ትገለበጥበታለች።

ለመጀመሪያ ሥራ ከተመረጡት መካከል በአልዛስ፤ በሞልሴም ከተማ የተሠራችው ቡጋቲ 35 አንዷ ናት። እርሷም በፈረስ ጫማ አምሳል በተቀረጸው ራዲያተሯና ስምንት ሰፋፊ ክንዶች ባሏቸው የአሉሚኒየም መንኰራኵሮቿ ትታወቃለች። ከፊት ዘንግ እስከ ኋላ ዘንግ ያለው ርቀቷ 2400 ሚሊሜትር፤ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ ያለውም 1200 ሚሊሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አምሳያይቱን በ1/32 መጠን ለመሥራት ቍጥሩን ለ32 ብናካፍለው 75 ሚሊሜትርና 37 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ሚሊሜትር የሳተ ሰው በእውነተኛይቱ ላይ 32 ሚሊሜትር እንደ ሳተ መቈጠሩን አይርሳ። ሒሳብ የሚማር ልጅ ያለው አባት ይህን ማካፈል ለልጁ ቢተውለት መልካም ነው።

ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩን መለካት ይገባዋል። የዚያ ዘመን አውቶሞቢል ኮፈን ጠባብ ስለ ሆነ አካሏን ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ሞተሩ አልገባ ቢለው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከዚያም ሻንሲውን ከናስ ዝርግና ከናስ ዘንግ ቈርጦ በቀለጠ ቈርቈሮ ያያይዘዋል፤ ይህ የሚቃጠልበት ሥራ ስለ ሆነ ለታላቅ ሰው ብቻ ይተው። በሞተሩ ጫፍ ያለው ትንሽ ጥርሳም መንኰራኵር በኋላው ዘንግ ያለውን ትልቁን እንዲያዞር ሲገጠም፤ በጥርሶቹ መካከል ቀጭን ወረቀት አግብቶ ማስጠጋትና ወረቀቱን ማውጣት ይበቃል፤ እጅግ ከተጠጋ ይታነቃል፤ እጅግ ከራቀም ጥርሱ ይበላል። አካሏ ከባልሳ እንጨት ተቀርጾ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም የፈረንሳይ የእሽቅድምድም ቀለም የነበረውን ሰማያዊ ይቀባል። ዛሬ አካሉን በኮምፒውተር የሚመራ መሣሪያ አትሞ ሊያወጣው ይችላል፤ ነገር ግን በሞረድና በቢላዋ የተሠራው ለእጅ የሚያስተምረው ይበልጣል።

ፈተናው የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የቡጋቲ ጎማ ቀጭን ስለ ሆነ በመታጠፊያው ላይ ትንሸራተታለች፤ ሰፊና ለስላሳ ጎማ ያደረገችው አዲስ አምሳያም ትቀድማታለች። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ሰፊ ጎማ አድርጎላት ለማሸነፍ ይመኛል። ቢያደርገውም ያሸንፍ ይሆናል፤ ነገር ግን የምታሸንፈው ሌላ መኪና እንጂ ቡጋቲ አይደለችም። መድኀኒቱስ ጎማዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሽከረከሩ ክባቸውን ማስተካከል፤ ጥቂት የእርሳስ ክብደት ከሻንሲው በታች ማኖር፤ እርሷንም ከዘመኗ እኩዮች ጋር ማወዳደር ነው።

እውነተኛይቱም ብትሆን በጎማ ተፈትናለች። በ1924 ዓ.ም. በሊዮን በተደረገው ታላቅ እሽቅድምድም አምስት ቡጋቲዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረቡ ጊዜ ጎማቸው እየተላጠ አስቸገራቸው፤ ድሉም የአልፋ ሮሜዮው የጁዜፔ ካምፓሪ ሆነ። ኤቶሬ ቡጋቲ ግን ሥራውን አልተወም። ከ1925 እስከ 1929 ዓ.ም. ድረስ በሲሲሊያ የሚደረገውን የታርጋ ፍሎሪዮን እሽቅድምድም በየዓመቱ ያሸነፉ የእርሱ አውቶሞቢሎች ናቸው።

እንግዲህ በቤቱ ይህን ሥራ የሚዠምር ሰው የመጀመሪያይቱ አምሳያ ብትገለበጥበት አይዘን። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ከየትኛው መታጠፊያ እንደ ወጣች፤ የትኛው ጎማ እንዳልተስተካከለ ይጠይቀው፤ መልሱንም ይስማ። ሞረዱንና መለኪያውን በየቦታው መልሶ፤ የሚቀጥለውን ቅዳሜ በደስታ ይጠብቅ።