ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን



ሰው ሲሞት እኛን የሚያህል የለም። ጡሩምባው ተነፍቶ ሳያበቃ ድንኳኑ ይተከላል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ጉድጓዱ ይቆፈራል። የቀረ ይቀጣል። ይኸ አባቶቻችን ያቆዩልን ደንብ ነው፤ የሚነካው የለም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ያ ሰው ታሞ ተኝቶ ሳለ የት ነበርን?

ነገሩን ሳንሸፋፍን እንናገር። ለሬሳ አገር ምድሩ ይወጣል፤ ለሕመምተኛ ግን ቃሬዛ የሚሸከም ጎበዝ ለማግኘት የቤቱ ሰው በየደጁ ሲለምን ይውላል። ለተዝካሩ በሬ የሚጣልለት ሰው በሕይወቱ ሳለ የመኪና ኪራይ አጥቶ ከመደቡ ሳይነሳ ይቀራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ አይደለም ወይ?

አገራችን ደጋ ነው፤ መንገዱ ገደልና አቀበት ነው። ጤና ጣቢያው አልችልም ብሎ ሪፈር የጻፈለት ሰው ደባርቅ ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ከባሰም ጎንደር። ሐኪሞች እናቶችን በወሊድ የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ። አንደኛው እቤት ውስጥ እንሂድ አንሂድ ሲባል የሚያልፈው ጊዜ ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚያልፈው ነው። ሦስተኛው ከሕክምናው ደጅ ከተደረሰ በኋላ ያለው ነው። እንግዲህ ቁጠሩ። ሁለቱ ሐኪም ሳያየን በፊት የሚሆኑ ናቸው፤ በኛው እጅ ያሉ ናቸው። ለናቶች የተባለው ለሌላውም ሕመምተኛ ይሠራል።

ይኸንን ስናነሳ የሚቃወሙን አሉ። አንዳንዱ «እድር የቆመው ለቀብር ነው፤ ደንቡ አይፈቅድም» ይላል። ደንቡን የጻፍነው እኛ ነን፤ የምናሻሽለውም እኛው ነን። ደረስጌ ማርያምን ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ሊነግሡባት ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ዘውድ የተጫነባት ቴዎድሮስ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ሁላችን እንሳለምባታለን። ለአንድ ጉዳይ የተሠራ ነገር ለበለጠ ጉዳይ ቢውል ምን ነውር አለው? በ1990ዎቹ የአዲስ አበባ እድሮች የኤድስ ሕመምተኛ ሲበዛባቸው ቀብር ብቻ አላሉም፤ የተኛውን ወደ መጠየቅና ወደ መርዳት የዞሩ ብዙ ነበሩ።

ሌላው «ሁሉ ታመምኩ እያለ ገንዘቡን ይጨርሰዋል» ይላል። መልሱ ቀላል ነው። የጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ያለው ይሰጠዋል፤ የሌለው አይሰጠውም። ገንዘቡም ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው፤ አዝመራ ሲገባ ይመለሳል። ሦስተኛው ደግሞ «ስለ በሽታ ማውራት ሟርት ነው» ይላል። ኧረ ተዉ! ለመቃብር ገንዘብ በየወሩ ስናዋጣ ሟርት ያልሆነ፣ ለመዳን ስናዋጣ እንዴት ሟርት ይሆናል?

ሸክሙ ግን የእድሩ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ማወቅ ያለበት አለ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ልጅ ሲያስቀምጠው ውሃ መከልከል መግደል ነው። የኦ.አር.ኤስ. አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው፤ በ24 ሰዓት ካላለቀ ይደፋ። ጡት የሚጠባም ጡቱን አይከልከል። ሕፃን ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ አልጠባም ካለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሌሊት ነው ብሎ ማደር የለም። ነፍሰ ጡር ደም ካየች፣ ፊቷ ካበጠ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከያዛት ወይም ምጧ ከ12 ሰዓት ካለፈ፣ ባሏ እስኪመጣ አይጠበቅ።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የአክታ ምርመራ ይፈልጋል። የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት በነጻ ነው፤ በብዛት 6 ወር ይወሰዳል፤ ተሻለኝ ብሎ በሁለተኛው ወር የሚያቋርጥ ግን ራሱንም ጎረቤቱንም ይጎዳል።

ለሥራ መተማና ሁመራ ወርዳችሁ የምትመለሱ ወጣቶች በተለይ ስሙ። ትኩሳት ከያዛችሁ «ብርድ ነው» አትበሉ፤ ለወባ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈና በግራ ጎን ጣፊያ ካበጠ ካላዛር ሊሆን ይችላል። ካልታከሙት ይገድላል፤ ሕክምናው ጎንደር አለ። ሐኪሙ ቤት ስትገቡም ከየት እንደመጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ስለ ማስታመምም እንናገር። ዘመድ ሆስፒታል ገባ ሲባል አሥር ሆኖ ክፍሉን መሙላት ፍቅር አይደለም። አንድ አስታማሚ ይበቃል፤ ሌላው ስንቅና ተራ ያዘጋጅ። ሐኪም ያልፈቀደውን ጠላም ሆነ አረቄ በጓሮ ማስገባት፣ ግሉኮስ መንቀል፣ መርፌ ካልተወጋ አልታከመም ብሎ መጨቃጨቅ ይቅር። ከሁሉ የከፋው ግን ሕመምተኛውን «ሬሳ ለማምጣት ኪራዩ ይከብዳል፣ እቤቱ ይሙት» ብሎ ሳይድን ማውጣት ነው። የሬሳ ኪራይ ፈርተን በሰው ሕይወት ላይ ስንፈርድ እድሩ ምን ሠራ ይባላል?

የጤና ባለሙያዎችም ይስሙን። ድካማችሁን እናውቃለን፤ የመድኃኒት እጥረቱም የናንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። ሆኖም አቀበት ቁልቁለቱን በቃሬዛ የመጣን ገበሬ «ነገ ተመለስ» ማለት፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ሳያስረዱ ወረቀት ወርውሮ መሸኘት በየትኛውም ጤና ቤት ልክ አይደለም። ያልገባው ሰው መድኃኒቱን አበላሽቶ ይወስደዋል፤ ሁለተኛም አይመጣም። ሕዝብም «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለትን አይፈር።

ስለዚህ ለሚመጣው ወርኃዊ ስብሰባ የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው።

1ኛ/ ለቀብር እንደሚወጣው ሁሉ ለቃሬዛም ተረኛ ይመደብ፤ በተራው የቀረ እኩል ይቀጣ።

2ኛ/ ከእድሩ ገንዘብ ለሕመምተኛ መጓጓዣ ብድር የሚሆን ለብቻው ይቀመጥ።

3ኛ/ የጤና መድን መዋጮ ያቃተው አባል ተለይቶ እድሩ ያግዘው። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከኛው ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። የከፈለ ሰው ሲታመም በሬውን ለመሸጥ አይገደድም። ያልከፈለ ግን ከታመመ በኋላ ልክፈል ቢል አይሆንለትም።

ድንኳኑ ይኑር፤ ንፍሮውም ይኑር፤ ተዝካሩን የሚከለክል የለም። ነገር ግን ሊተርፍ የሚችል ሰው ቀብረን በደንብ አለቀስን ማለት ምስጋና አይሆንም። በስብሰባው ቀን የሚቃወምም የሚደግፍም ይምጣና በአደባባይ ይናገር። እቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያማ ሰው ግን እሱም ነገ ቃሬዛ እንደሚያስፈልገው አይርሳ።

ከእድሩ ጽሕፈት ቤት