ክራኩን ትተን ወቅፉን እንጠብቅ



ሥጋ ሐላል መሆኑን ሳንጠይቅ አንበላም። ላፕቶፓችን ላይ ግን ክራክ የተደረገ ማትላብ ጭነን አሳይመንት እንሠራለን። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ተሰብስቦ፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ እንደሆነና መድፈሩ እንደማይፈቀድ ወስኗል።

«ተማሪ ነን፤ ገንዘቡን ከየት እናምጣ?» እንላለን። እውነት ነው። ግን ኦክታቭ አለ፤ በነፃ ይጫናል፣ መሠረታዊ የማትላብ ኮድ ይሠራበታል፣ የራሱም ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው።

ይህ አሠራር ለሐረር እንግዳ አይደለም። ከሐኪም ጋራ ቁልቁል በምትታየው ጀጎል፣ ቀደምቶቻችን በእጅ የተጻፈ ቁርአን ወቅፍ ያደርጉ ነበር፤ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ሁሉም ይቀራበታል። የኦክታቭ ፈቃድም ይቀራረባል፦ አሻሽሎ ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው ኮዱን መዝጋት አይችልም።

ወቅፍ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ወስዶ ዝም ማለት አይበቃም። ኮድ የሚችል ያስተካክል፤ የማይችል ያገኘውን ስህተት ለአዘጋጆቹ ያሳውቅ፣ መመሪያውን ወደ አማርኛ፣ ሐረሪ ወይም ኦሮምኛ ይተርጉም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ በዕድሜ ከእኛ አይበልጥም።

ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት ምንዳው ከሞት በኋላም እንደማይቋረጥ ተምረናል። በዚህ ሴሚስተር እያንዳንዳችን አንድ ክራክ እናጥፋ፤ አንድ ስህተት እናርም።