ቁጥሩስ ተጻፈ፤ ጊዜውስ?

የጊታር ታብ ስድስት አግድም መስመሮች አሉት። ከሁሉ በላይ ያለው መስመር ቀጭኑን አንደኛ ክር፣ ከሁሉ በታች ያለው ደግሞ ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ያመለክታል። በመስመሮቹ ላይ የሚቀመጡት ቁጥሮች ጣት የሚያርፍበትን ፍሬት ይናገራሉ፤ ዜሮ ማለት ክሩ ሳይያዝ በባዶው ይመታ ማለት ነው። ይህችን ያህል ያወቀ ሰው፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ባይረግጥም፣ በአንድ ምሽት ጊታር ይዞ መጀመር ይችላል። የታብ በረከቱ ይህ ነው። ጉድለቱም ከበረከቱ ጋር ተጣብቆ የመጣ ነው፦ አብዛኛው በየኢንተርኔቱ የሚገኝ ታብ የት እንደሚመታ ይነግራል እንጂ፣ መቼ እንደሚመታና ድምፁ እስከ መቼ እንደሚቆይ አይነግርም።

ውድ አንባብያን፣ «ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ጊታር ምን ዶለው?» ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ። ነገሩ የጊታር ብቻ አይደለም። በጽሑፍ ላይ ስለሚቀርና ስለሚጠፋ ጊዜ ነው ማንሣት የፈለግሁት። የጽሑፌም ሐሳብ አጭር ነው፦ የምቱ ምልክት ያልተጻፈበት ታብ ግማሽ ጽሑፍ ነው፤ የተጻፈውንም የምት ምልክት ዘልሎ ቁጥር ብቻ የሚያሳድድ ተጫዋች ግማሽ አንባቢ ነው።

በምሳሌ እንየው። የትዝታን ቅኝት አምስት ድምፆች ከታችኛው ወደ ላይኛው እንዲህ አድርገን በታብ እንጻፋቸው፦

3ኛ ክር |----------0--2-|
4ኛ ክር |----0--2-------|
5ኛ ክር |-3-------------|

ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። በምዕራባውያኑ አጠራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናሉ። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ምንድን ነው? አምስቱን በእኩል ሩብ ኖታ ብንመታቸው ጀማሪ የሚለማመደው የጣት ማፍታቻ ነው። በ6/8 አድርገን የመጀመሪያውን ድምፅ ሁለት ስምንተኛ፣ ሁለተኛውን አንድ ስምንተኛ፣ ሦስተኛውን ሁለት፣ አራተኛውን አንድ ብንሰጣቸውና አምስተኛውን ለአንድ ሙሉ ባር ብናቆየው፣ ረጅም-አጭር፣ ረጅም-አጭር እያለ ትከሻ ወደሚያስነቀንቀው ወደ ችክችካችን ይጠጋል። የመጀመሪያዎቹን አራት ድምፆች በፍጥነት አሳልፈን የመጨረሻው ላይ ብንዘገይ ደግሞ የሰው እንጉርጉሮ ይመስላል። ጭፈራም፣ ልምምድም፣ ትካዜም በእነዚያው አምስት ቁጥሮች ውስጥ አሉ። የሚለያያቸው ያልተጻፈው ጊዜ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ በቁጥሮቹ መካከል ያሉት ሰረዞች እኩል ስለሆኑ፣ ጊዜውም እኩል ነው ብለው ያሳስታሉ።

እንጀራዬ ከቁጥር ጋር ስለሆነ ይህ ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። በባንክ መስኮት ኋላ የሚውል ሰው፣ ቀን ያልተጻፈበት ሂሳብ ሂሳብ እንደማይባል ያውቃል። አንድ ሺህ ብር ለአንድ ወር ሲቀመጥና ለአንድ ዓመት ሲቀመጥ አኃዙ ያው ነው፤ ወለዱ ግን ያው አይደለም። ወለድ ከመጠንና ከቆይታ አንድ ላይ ይወለዳል። ዜማም እንዲሁ ነው። ታብ መጠኑን መዝግቦ ቆይታውን ሲተወው፣ ዋናውን ጽፎ ወለዱን እንዳስቀረ መዝገብ ይሆናል።

ይህ ጉድለት የታብ የተፈጥሮ ጉድለት እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1507 ቬኒስ ላይ በፔትሩቺ ማተሚያ የታተመው የፍራንቼስኮ ስፒናቺኖ የሉት ታብላቸርም፣ እ.ኤ.አ. በ1536 ቫሌንሲያ ላይ የታተመው የሉዊስ ሚላን የቪሁዌላ መጽሐፍም፣ ከመስመሮቹ በላይ የምት ምልክቶችን ደርድረው ነበር። በሉት ታብላቸሩ ምልክቱ ቀጥ ያለች ዘንግ፣ በዘንጓ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ጅራት ነበር፤ ጅራት በበዛ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። አንድ ምልክት ከተጻፈ በኋላ ሌላ ምልክት እስኪተካው ድረስ ሥልጣኑ አይሻርም። ምልክቱ የሚናገረውም ቀጣዩ ምት መቼ እንደሚመጣ ነው። ክሩ ከዚያ በኋላም ቢያንሰራራ ለተጫዋቹ ጆሮና ጣት የተተወ ነበር። አምስት መቶ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው እነዚያ ሰዎች፣ በእጅና በእርሳስ ምስል ሲደክሙ፣ ጊዜን ከቁጥር አልለዩትም። የለየነው እኛ ነን፤ በጽሕፈት መኪና ፊደላት ታብ መተየብ በተጀመረበት ዘመን ሰረዝና ቁጥር መምታት ሲቀልል፣ ዘንግና ጅራት መሣል ግን ሲያስቸግር ጊዜው ወደቀ።

በዛሬዎቹ የታተሙ መጻሕፍትና በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ዘንጉ ተመልሷል። ከቁጥሩ ሥር ባዶ ዘንግ ካለ ሩብ ኖታ ነው፤ አንድ ጅራት ካለው ስምንተኛ፣ ሁለት ካለው ዐሥራ ስድስተኛ ይሆናል። ከጎኑ ነጥብ ከተደረገ የራሱን ግማሽ ይጨምራል። በሦስት ቁጥሮች ላይ 3 ከተጻፈ፣ ሁለቱ ሊይዙት ይገባ የነበረውን ጊዜ ሦስቱ ይካፈሉታል። ሁለት ቁጥሮችን ያገናኘች ቅስት፣ ቁጥሮቹ አንድ ከሆኑ፣ «ሁለተኛውን እንደገና አትምታ፤ የመጀመሪያውን አቆየው» ማለት ናት። የዕረፍት ምልክትም አለ፤ ዝምታም እንደ ድምፅ የሚቆጠር ጊዜ አለውና። እነዚህን ለመልመድ አንድ ሳምንት አይፈጅም። እግርን መሬት እያስመቱ «አንድ-እና-ሁለት-እና» እያሉ መቁጠር፣ በ6/8 ከሆነም ስድስቱን በሦስት በሦስት ከፍሎ መቁጠር ብቻ ነው የሚጠይቁት።

የአመታት ምልክቶች የሚባሉትም ቢሆኑ ያለ ጊዜ ሙሉ ትርጉም የላቸውም። በሁለት ቁጥሮች መካከል የላቲኑ «ኤች» ሲገባ ሐመር ኦን ነው፦ የመጀመሪያው ድምፅ በቀኝ እጅ ይመታል፤ ሁለተኛው ግን የግራ እጅ ጣት ክሩ ላይ ሲወድቅ ይሰማል። «ፒ» ተቃራኒው ነው፤ ጣቱ ክሩን እየላጠ ሲነሣ ድምፁ ይወርዳል። «ቢ» ክሩን ገፍቶ ድምፁን ማጉበጥ፣ ያዘነበለ ሰረዝ ጣትን ሳያነሡ መንሸራተት፣ ማዕበል የመሰለች መስመር ማንቀጥቀጥ፣ «ኤክስ» ደግሞ የታፈነ ምት ናቸው። መልካም፤ ግን ጣቱ መቼ ይውደቅ? ክሩ በዝግታ ይጉበጥ ወይስ በቅጽበት? ይህን የሚወስነው ምቱ ነው። አስቂኙ ነገር፣ በተየቡት ታቦች ጊዜን በፊደል ለማመልከት ሲሞከር ያው «ኤች» ከመስመሮቹ በላይ ሲጻፍ ግማሽ ኖታ ይሆናል። አንዲት ፊደል ከላይ ስትሆን ቆይታ፣ ከመካከል ስትሆን አመታት ማለት ነው። ይህን ያልለየ አንባቢ ሁለቱንም ያበላሻል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአማርኛ ጽሕፈታችን ራሱ ምት ያልተጻፈበት ታብ አይደለምን? «ገና» ብዬ ስጽፍ፣ «ና» ላልታ ከተነበበች ያልደረሰ ነገር ነው፤ ጠብቃ ከተነበበች የልደት በዓል ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ኖረ ይሆናል። ማጥበቅ ማለት በአንድ ተነባቢ ላይ መቆየት ነው፤ ይኸውም ጊዜ ነው። ፊደላችን የት እንደምንረግጥ ይነግረናል እንጂ ምን ያህል እንደምንቆይ አይነግረንም። ይህ ያሳሰባቸው ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ከሚጠብቁት ፊደላት በላይ ነጥብ አድርገዋል። ልማዱ ግን አልሰፋም፤ እኛም በዐውዱና በጆሯችን ተማምነን እንኖራለን።

በግጥም ሲሆን ጣጣው ይከፋል። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ይዞ ከመካከል ያርፋል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ይዞ ይሄዳል። ለምሳሌ ያህል ይህችን የራሴን ስንኝ ላስቀምጥ፦

የት እንደምመታ   ነግሮኝ ወረቀቱ፣
መቼ እንደሆነ   ዝም አለ አንደበቱ።

ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ያለችውን ትንፋሽ የማይሰጥ አንባቢ ቃላቱን ሁሉ በትክክል ቢያነብም ግጥሙን አላነበበውም። በሁለተኛው ስንኝ ደግሞ «አለ አንደበቱ» የሚለው «አላንደበቱ» ተብሎ ካልተዋጠ ቤቱ በአንድ ቀለም ይተርፋል። ይህን የትኛው ፊደል ጻፈልን? የትኛውም። ስንኝን ከስንኝ ሲያነበንብ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ያልሰማ አያውቀውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ዜማ በጆሮ ነው የሚወረሰው፤ ጽሑፍ ማስታወሻ እንጂ መምህር አይደለም» ይባላል። የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ምልክቶች ለዚህ ምስክር ሆነው ይቀርባሉ። በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው የሚነገርላቸው፣ ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ቀድሞ የሚታወቅን ዜማ ያስታውሳሉ እንጂ ላልሰማው አያስተምሩም። ከእነርሱ ጋር ያሉት ይዘት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ የመሳሰሉትም ከመምህር አንደበት ላልተቀበላቸው ሰው ሰረዝና ነጥብ ናቸው። እንዲህም ሆኖ ዜማው ለዘመናት ኖሯል።

እውነት ነው፤ ኖሯል። ግን ምን ይዞ ኖረ? ከምልክቱ ኋላ የዜማ ቤት ነበር፤ መምህር ነበር፤ ከመምህሩ እግር ሥር ለዓመታት የሚቀመጥ ደቀ መዝሙር ነበር። ማስታወሻው የሚያስታውሰው ነገር ነበረው። የኢንተርኔቱ ታብ ግን መምህር የለውም። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ተቀምጦ፣ አባቱ የሚወደውን አሮጌ ዘፈን ከቁጥር ሊያወጣ የሚታገል ወጣት ምኑን ያስታውስ? ዘፈኑን ሰምቶት ከሆነ ጆሮው ይሞላለታል። ቅጂው ጠፍቶ፣ ያወቁትም አልፈው ከሆነ፣ አምስት ቁጥር ይዞ ይቀራል። ያልተጻፈ ጊዜ የሚቆየው የመጨረሻው ሰሚ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የነፃነት ነው፦ «ትዝታን በምት ብታስረው ትዝታ አይሆንም። ዘፋኙ እንደ ሆዱ ይጎትተዋል፤ እንደ ሆዱ ይለቀዋል» ይላሉ። በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የፈረንሳይ ሉት ተጫዋቾችም ሆን ብለው ምት ያልተጻፈባቸው መግቢያዎችን ደርሰዋል። ይህን አከብራለሁ። ሆኖም ሆን ብሎ መተውና ባለመቻል ወይም በስንፍና መተው አንድ አይደሉም። እነዚያ ደራሲያን በሌላው ሥራቸው ምቱን ይጽፉ ስለነበር፣ እዚህ አለመጻፋቸው ራሱ መልእክት ነው። ሁሉንም በደፈናው ለተወ ሰው ግን ዝምታው ምንም አይናገርም። ደግሞም የሚጎትት ሰው የሚጎትተው ነገር ይፈልጋል፤ ልኩን ያላወቀ ከልክ ሊያልፍ አይችልም።

ስለዚህ ታብ ለምትጽፉ ወዳጆቼ የምለው ከባድ ነገር አይደለም። የምቱን ክፍፍል ከራስጌው ጻፉ፤ ባሩን ለዩ፤ ከቁጥሩ ሥር ዘንግ አድርጉ፤ ዕረፍቱን አትዝለሉ። ዜማው ልቅ ከሆነ «በነፃ ይጎተት» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ፤ እርሱም ምልክት ነው። ለምታነቡትም፦ ጊታሩን ከማንሣታችሁ በፊት ምቱን በእጃችሁ አጨብጭቡት፤ ቁጥሩ በኋላ ይደርሳል። ለእኛ ለገጣሚያንም የማይጠጋን እንዳይመስለን። ግጥማችንን በየገጹ ከመለጠፍ አልፈን፣ የት እንደምናርፍ በክፍተትም ቢሆን እናሳይ፤ ትርጉም በሚያፋልሰው ቃል ላይ የማጥበቂያዋን ነጥብ እንድፈር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፃችንን አውጥተን ለሚሰማን ሁሉ እናንብብ።

ቸር እንሰንብት።