ቦንጋ «ሌላ» አይደለችም

ኮድ የምትጽፉ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለናንተ ናት። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው ኅዳር 2014 ነው። ዛሬም አንዳንድ የመመዝገቢያ ፕሮግራም ላይ «ክልል» የሚለውን ስትጫኑ በሚወርደው ሜኑ ውስጥ በ2015 የፈረሰው «ደቡብ» ተኮፍሶ ተቀምጧል፤ የኛ የለም። «ሌላ» የሚለውን ምረጥ ይሉኛል። የካፋን ሰው! (ቡናው ሲመጣ ግን ካፋን ማንም አይረሳም።) ለምን ስል «ሲስተሙ ነው» ይላሉ። ሲስተሙን ማን ጻፈውና?

ቲኪንተር ላይ ኦፕሽንሜኑ ስትሠሩ የክልል ስም ኮዱ ውስጥ አትቸክሉ፤ ከፋይል ወይም ከዳታቤዝ ይነበብ። ኮምቦቦክስ ከሆነማ ፖስትኮማንድ አለላችሁ፤ ሜኑው በተከፈተ ቁጥር ዝርዝሩን የሚያድስ ፈንክሽን ስጡት። ጥቂት መስመር ነው። ዝርዝሩን ሳታጣሩ ደግሞ ሪድኦንሊ አታድርጉት፤ ሰው የክልሉን ስም በእጁ እንዳይጽፍ እንኳ ትከለክሉታላችሁ።