ያልተከፈተው አምቦ ውሃ

እስኪ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ያልተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው? "ምንም" ካላችሁ እኔና እናንተ አንድ ክፍል ሳንማር አልቀረንም።

እኛ ስንማር ነገሩ የተጀመረው ከፍቺ ነው። መምህሩ ፍቺውን በእንግሊዝኛ አጻፉን፣ ወዲህና ወዲያ የሚያዩ ሁለት ቀስቶች ሰሌዳው ላይ ሣሉ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀመሩ። ፈተናውን አለፍን። ብዙዎቻችን ግን "ኢኩሊብሪየም" ማለት ሪአክሽኑ ደክሞት የቆመበት ቦታ ነው ብለን ነው የወጣነው። በአማርኛ "ሚዛን" ብንለውም አያድነንም። ሚዛን ሲባል ትዝ የሚለን የመርካቶው ነው፤ ሁለቱ ሰሃኖች እኩል ሲሆኑ ቀጥ ይላል። የኬሚስትሪው ሚዛን ግን ቆሞ አያውቅም።

ወደ አምቦው ልመልሳችሁ። ክዳኑ እንደተዘጋ በየቅጽበቱ ከውሃው የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፣ ከላይ ካለው ክፍተት ተመልሶ ውሃው ውስጥ የሚገባም አለ። የሚወጣውና የሚገባው እኩል ስለሆነ ከውጭ ለሚያየው የተኛ ይመስላል። ክፈቱት! ግፊቱ ይወርዳል፣ የሚወጣው ይበዛል፣ የወጣውም በየቤቱ አየር ተበትኖ ይቀራል። ተከፍቶ ያደረ አምቦ ጠዋት የሚሰለቸው ለዚህ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለውስ? ሙቀት ጋዙን ከውሃው ስለሚያስወጣው ሲከፈት ሸሚዝ ያበላሻል። የተዘጋ ዕቃ፣ ግፊት፣ ሙቀት፤ ምዕራፉ በሙሉ በአንድ ጠርሙስ። ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤትም ሱቅ አያጣም።

መምህራን "ጊዜ የለም፣ መጽሐፉ አያልቅም" ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሜ አላውቅም። ግን ጠርሙስ ለመክፈት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ቀስቶቹ ከዚያ በኋላ ይምጡ፣ ቀመሩ ደግሞ መጨረሻ ላይ።

የሌ ሻተልዬ ሕግ ላይማ ብሶቴ ይበዛል። እንደ ጸሎት ሸመደድነው እንጂ ሰውየው ራሱ በ1901 እ.ኤ.አ. ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን በከፍተኛ ግፊት አዋህዶ አሞኒያ ለመሥራት ሞክሮ፣ መሣሪያው ውስጥ አየር ገብቶ ፈንድቶበት፣ ነገሩን እንደተወው ማን ነገረን? በ1909 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር ተሳካለት፤ በ1913 ኦፓው ላይ ፋብሪካ ተከፈተ። ዛሬ የጎጃም ገበሬ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከዚያ አሞኒያና ከዚሁ ከአምቦው ጋዝ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ ደግሞ ይጣፍጣል። አራት እጅ ጋዝ ሁለት እጅ ስለሚሆን ግፊት ሲጨምር አሞኒያው ይበዛል። ሙቀት ሲጨምር ግን ያንሳል፤ ሙቀቱን ብትቀንሰው ደግሞ ሥራው ይንቀራፈፋል፣ እስኪወጣ ታረጃለህ። የብረት ካታሊስት ሁለቱንም አቅጣጫ እኩል ያፈጥናል እንጂ ምርቱን ከሚዛኑ በላይ አያሳድግም። ስለዚህ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ላይ ይስማማሉ፤ ትንሽ ምርት ይከስራሉ፣ ፍጥነት ያተርፋሉ፣ ያልተዋሃደውን ጋዝ መልሰው ያስገቡታል።

"ፋብሪካው ያንተ ቢሆን ስንት ዲግሪ ላይ ታደርገዋለህ?" ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ሲከራከር ይውላል። እኛ የተጠየቅነው ቀስቱ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ የሚለውን ብቻ ነበር።