መብራቱ ጠፋ ማለት ቀዳዳው ተደፈነ ማለት አይደለም

«የቤንዚን ክዳኑን ቀይር፣ ኮዱን አጥፋ፤ ቼክ ኢንጂኑ ካልበራ ጨርሰሃል» የሚል፣ አሜሪካ ለሚነዱ ወገኖቻችን ስለ ቤንዚን ትነት ማፈትለክ የተጻፈ ምክር አነበብኩ። ምክሩ ስህተት ነው፤ ሰውንም ለሁለተኛ ወጪ ይዳርጋል።

የብልሽት ኮድ ሲጠፋ የመኪናው ኮምፒውተር የያዘው የፍተሻ ውጤትም አብሮ ይሰረዛል። መኪናው የቤንዚን ትነት ማፈትለኩን ዳግም የሚፈትሸው ሲመቸው ብቻ ነው፦ በአብዛኛው ለሰዓታት ቆሞ ከቀዘቀዘ፣ ታንከሩም ከ15 እስከ 85 በመቶ ገደማ ከያዘ። ስለዚህ መብራቱ የጠፋው ቀዳዳው ስለተደፈነ ሳይሆን ገና ስላልተፈተሸ ሊሆን ይችላል።

«ኢንስፔክሽን አልፏል» ማለትም አያዋጣም። የፌዴራሉ መመሪያ ከ2001 ሞዴል ወዲህ ላሉ መኪኖች አንድ ያልተጠናቀቀ ፍተሻ ይፈቅዳል፤ ያ አንዱ ብዙ ጊዜ ይኸው የትነቱ ነው።

ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ በዓይን አትገኝም። የጭስ ማሽን በዝቅተኛ ግፊት ሲነፋ ግን ከተሰነጠቀው ቱቦ መጋጠሚያ ቀጭን ጭስ ብቅ ይላል። የትነቱን መስመር ከውጭ አየር ጋር የሚያገናኘው ቬንት ቫልቭ አስቀድሞ በስካነር መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ጭሱ በዚያው ይወጣና ጤነኛውን መኪና ቀዳዳ አለው ያሰኛል።

ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት መካኒኩን ከጥገናው በኋላ በጭስ ፈትሾት እንደሆነ ጠይቁት።