"ካንሰር ከሆነማ ኦፕራሲዮን ምን ያደርጋል?" ለምትሉ

"ካንሰሩ አከርካሪው ላይ ደርሷል ካሉማ በቃ፣ ለምን በቢላ ያሠቃዩታል?" ይህን ነገር ለቅሶ ቤትም፣ መምህራን ክፍልም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ግን ነገሩ ልክ አይደለም።

የጡት፣ የፕሮስቴትና የሳንባ ካንሰር ብዙ ጊዜ ወደ አከርካሪ አጥንት ይዛመታል። እዚያ ሲያድግ ሕብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። መኪና የቆመበት የውሃ ጎማ አስቡ። መኪናው ቶሎ ከተነሳ ውሃው ይመለሳል፤ ከቆየ ግን ጎማው ራሱ ይበላሻል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት ላይ የወጣ የነፓቸል ጥናት አለ። 101 ሕመምተኞች፤ ገሚሱ ጨረር ብቻ፣ ገሚሱ ቀዶ ሕክምናና ጨረር አገኙ። ከሕክምናው በኋላ መራመድ የቻሉት ኦፕራሲዮን ከተደረጉት 84 በመቶ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 በመቶ ናቸው። በእግራቸው የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ደግሞ 122 ቀን ለ13 ቀን! በሕይወት የቆዩበት ግን 126 ለ100 ቀን ነው።

"ይኸው፣ 26 ቀን ለመጨመር ነው?" ትሉኛላችሁ። እኔ የማየው 122ቱን ነው። ሰውዬው ራሱ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አልጋ ላይ ሲቀርስ ማነው የሚያገላብጠው? አባቷን ለማገላበጥ ትምህርት ያቋረጠች ተማሪ ነበረችኝ። ይህ በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም።

ለሁሉም ቢላ ይሁን አላልኩም። እንደ ሊምፎማ ያሉት በጨረር ቶሎ ይሟሽሻሉ፣ አቅሙ የማይችልም አለ። ያን ሐኪሙ ይወስን። የኔ ጠብ ከ"ሰኞ እንወስደዋለን" ጋር ነው። ሁለት እግራቸው ከከዳቸው 48 ሰዓት ያለፋቸው እኮ ጥናቱ ውስጥ እንኳ አልገቡም! እየተራመደ የደረሰ ሰው እየተራመደ የመመለስ ዕድሉ በጣም ይሻላል።

ስለዚህ ካንሰር የታከመ ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም፣ በተለይ ሌሊት ሲተኛ የሚብስ፣ ከጀመረው ወጌሻ ጋር ወስዳችሁ አታሳሹት። እግሩ ከዛለ ወይም ሽንቱ ካስቸገረው ደግሞ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ካንሰር እንደነበረበት መጀመሪያ ተናገሩ፣ ኤምአርአይ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ።

ነርስና ሐኪም የሆናችሁ ልጆቼ፣ ያላችሁበት ከተማ ኤምአርአይና የነርቭ ቀዶ ሐኪም የት እንደሚገኝ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።